ሲድ ካደገ በኋላ

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ትምህርት ቤት ተደውሎልኝ ሥራዬን አቋርጬ ሄድኩ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጥፋቱ የክፍሉን የግድግዳ ሰዓት አውርዶ መፍታቱ ነበር። ብሎኖቹን በእርሳስ መያዣው ክዳን ላይ በረድፍ ደርድሯቸዋል፤ ጥርስ ያላቸውን ትንንሽ ክቦች በየመጠናቸው ለይቷቸዋል፤ መልሶ ሊገጥማቸው ሲል የዕረፍቱ ሰዓት አለቀበት። መምህሯ ግን ስለ ሰዓቱ ብዙም አላወራችኝም። ያወራችኝ ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ነው። «እንዲህ ከቀጠለ መጨረሻው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ከፊቷ የልጄ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈበት ማህደር ተከፍቷል። ሦስተኛ ክፍል ላለ ልጅ ማህደሩ በጣም ወፍራም ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ፣ ኢየሩሳሌም፣ ቃታሞኒም በሚባለው ሰፈር ቤታችን ውስጥ፣ ራት በልተን ልጄ ራሱ የመረጠውን ፊልም አየን። ቶይ ስቶሪ ነው፤ ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው፣ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም የካርቱን ፊልም። ላላየው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ሰው ዘወር ሲል አሻንጉሊቶች ነፍስ ይዘራሉ፤ ይነጋገራሉ፣ ይቀናናሉ፣ ይታረቃሉ። የእነ ዉዲና የእነ ባዝ ጌታ አንዲ የሚባል ደግ ልጅ ነው። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሲድ አለ።

ሲድ የራስ ቅል የተሣለበት ጥቁር ካናቴራ ይለብሳል። ጥርሱ በሽቦ ታስሯል። የእህቱን አሻንጉሊት ጭንቅላት ነቅሎ የክንፋም አውሬ ጭንቅላት ይተክልባታል። የሕፃን አሻንጉሊት ጭንቅላት ከብረት እግሮች ጋር አገጣጥሞ ሸረሪት የመሰለ ፍጡር ሠርቷል። በማጉያ መስታወት የፀሐይ ጨረር ሰብስቦ የዉዲን ግንባር ያቃጥላል፤ ባዝን ከሮኬት ጋር አስሮ ሊያፈነዳው ይነሣል። በመጨረሻ አሻንጉሊቶቹ የራሳቸውን ሕግ ጥሰው ከጓሮው ጭቃና አሸዋ እየወጡ ይከቡታል፤ ዉዲ አፍ አውጥቶ ያናግረዋል። ሲድ እየጮኸ ወደ ቤት ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ዞር ብሎ አያየውም።

«እማ፣ ይሄ ልጅ ካደገ በኋላ ምን ሆነ?» አለኝ ልጄ። ስለ ዉዲም ስለ ባዝም አልጠየቀኝም። በዚያ ቀን ለምን ሲድን እንደመረጠ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

መልሱን አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው፣ ሊ አንክሪች ባዘጋጀው ሦስተኛው ፊልም ውስጥ ሲድ ለጥቂት ሰከንዶች ይመለሳል። አሻንጉሊቶቹ በስሕተት በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ሆነው ደጅ ይጣላሉ፤ የቆሻሻ መኪና ይመጣል። ከረጢቶቹን የሚያነሣው ወጣት ጢም አብቅሏል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ በሙዚቃው አንገቱን ይነቀንቃል። ካናቴራው ላይ ያው የራስ ቅል አለ። ድምፁን የሚሰጠውም በልጅነቱ ለልጁ ሲድ ድምፅ የሆነው ያው ኤሪክ ቮን ዴተን ነው፤ እሱም እንደ ሲድ አድጎ ተመልሷል። ያንን ቦታ ፈልጌ ለልጄ አሳየሁት።

ልጄ ከሶፋው ዘለለ። «ልክ እንደ አባባ!» አለ፤ ፊቱ በደስታ በርቶ።

አባባ የሚለው አባቴን ነው።

ፊልሙ በወጣበት ዓመት ሲኒማ ቤት ገብቼ ስመለከተው ከኋላዬ የተቀመጡ ወጣቶች በዚያው ቦታ ላይ በሣቅ ፈነዱ። አንደኛው በዕብራይስጥ «ዛባል ሆነ! የእጁን አገኘ!» አለ። ዛባል ማለት ቆሻሻ አንሺ ማለት ነው፤ በዚህ አገር የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጆች የሚሰዳደቡበት ቃልም ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አባቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቶ አንጸባራቂ ሰደርያውን ለብሶ ወደ ሥራ ሄዷል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ መልስ የሚሆን ቃል አጥቼ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። አሁን አርባን አልፌ፣ ልጄ ያንኑ ቦታ አይቶ የሣቀው ሣቅ ሌላ ዓይነት ስለሆነ፣ ያኔ ያልመለስኩትን ልመልስ።

ሲድን እኛም እናውቀዋለን። የእኛ ሲድ እንቁላል የሰረቀው ልጅ ነው። ልጁ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል፤ እናቱ አትቆጣውም። እንቁላሉ ዶሮ፣ ዶሮው በግ፣ በጉ በሬ ይሆናል፤ በመጨረሻ ልጁ ይሰቀላል፤ ገመዱ አንገቱ ላይ ሆኖ «ምነው እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ይላል። እናቴ ነግራኛለች፤ እኔም ለልጄ ነግሬዋለሁ። አሁን መልሼ ሳስበው ተረቱ ያስፈራኛል። ከእንቁላሉ እስከ ገመዱ ድረስ ያ ልጅ የኖረበት አንድም ቀን አይነገረንም። ጓደኛ አይዝም፣ አይታመምም፣ ሴት አይወድም፣ የሚያቆላምጠው አያት የለውም፣ ሥራ የሚያስተምረው ሰው አያገኝም። አድጎ ሳይሆን ተፈርዶበት ነው ገመዱ ዘንድ የሚደርሰው። ይህን ተረት ሰምቶ ያደገ አዋቂ ደግሞ አንድ ልጅ እጅ ላይ እንቁላል ባየ ቁጥር ገመድ ይታየዋል። የልጄን መምህር እንደዚያ አድርጎ ያስፈራት ይኸው ዓይነት ተረት ይመስለኛል፤ ያደገችበት ቋንቋ ሌላ ቢሆንም።

አባቴ እንዲህ ያለ ተረት በራሱ ላይ ሲነገር ነው ያደገው። የጎንደር ገጠር ሰው፣ ቤተ እስራኤል ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቱ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የአካባቢው ገበሬ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ከእነሱ ይገዛል፤ ሚስቱም ምጣዷንና ድስቷን። ገዝተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ልጆቻቸውን «ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር አትጫወቱ፤ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላችኋል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል» ይሏቸዋል። አባቴ ያኔ ወናፍ የሚነፋ ትንሽ ልጅ ነው። ገና ምንም ሳያጠፋ የወደፊት ዕጣው በሰፈሩ ሁሉ ታውቆ ነበር።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ እኛም መጣን። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌም ደቡብ ጊቭዓት ሃማቶስ፣ የአውሮፕላን ኮረብታ በሚሉት ቦታ፣ ካራቫን ውስጥ ገባን። በበጋ የምጣድ ያህል ይግላል፤ በክረምት ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ማረሻ የሚሠራ ሰው ለኢየሩሳሌም ምን ያደርግላታል? አባቴ የጽዳት ሥራ አገኘ፤ እኛ ሰዎች እዚህ «ኒካዮን» የምንለውን። መጀመሪያ መጥረጊያ ይዞ መንገድ ጠረገ፤ ቆይቶ ከቆሻሻ መኪናው ኋላ ተንጠልጥሎ መሄድ ጀመረ። ኋላ ቃታሞኒም ስንገባም ሥራው ያው ነበር። አውቶቡስ ሳይጀምር ስለሚወጣ ካታሞንን ሽቅብ አልፎ፣ ታልቢያን አቋርጦ በእግሩ ረሃቪያ ይደርሳል። ረሃቪያ የፕሮፌሰሮችና የሐኪሞች ሰፈር ነው፤ ዛፉ ብዙ፣ ድንጋዩ የተጠረበ፣ ልጆቹ አሻንጉሊት የሚሰለቻቸው።

የእኔ አሻንጉሊቶች ከዚያ ነው የመጡት። አባቴ ዓርብ ዓርብ በፌስታል ያመጣቸው ነበር። እግር የሌላት አሻንጉሊት፣ ጎማ የወለቀ መኪና፣ ሆዱ የተቀደደ ድብ፣ ጭንቅላት ብቻ። እናቴ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥባቸዋለች። ከዚያ አባቴ ካራቫኑ ደጃፍ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ሽቦ፣ ጉጠትና አንድ ጥቁር ክር ይዞ ይሠራል። የብረት ሰው ስለሆነ አብሮ የማይሄድ ነገር ማገጣጠም ይችልበታል። ጥሩዬ ብዬ የሰየምኳት አሻንጉሊት ጭንቅላቷ ወርቃማ ፀጉር ያለው የፈረንጅ፣ አካሏ ቡናማ ጨርቅ፣ ከታች እግር በማጣቷ አራት የመኪና ጎማ ነበራት። በገመድ ስስባት ከእኔ ፈጥና ቁልቁል ትወርዳለች። ወንድሜ ደግሞ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበረው፤ ክንፎቹ ከማርጋሪን ቆርቆሮ የተቆረጡ ናቸው።

ስለዚህ ቶይ ስቶሪን መጀመሪያ ያየሁ ቀን፣ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖኝ፣ በቃታሞኒም ማትናስ፣ ማለትም በሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ፣ በዕብራይስጥ ተተርጉሞ በቪዲዮ ካሴት ሲታይ፣ የሲድ ፍጥረቶች ከአልጋው ሥር ሲወጡ ልጆቹ ሁሉ ሲጮኹ እኔ አልጮኽኩም። እነዚያን አውቃቸዋለሁ። የእኛ ቤት አሻንጉሊቶች ናቸው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ በፊልሙም ውስጥ ደጎቹ እነሱ ናቸው። የተነቀለውን የባዝን ክንድ መልሰው የሚተክሉለት እነሱ ናቸው። አንዲ የሚጫወተው ከሱቅ በተገዛ ነው። በዚያ ሰፈር ከተሰበረ ነገር አዲስ ነገር መሥራት የሚችል ልጅ ሲድ ብቻ ነው፤ አሻንጉሊቶቹ ሕይወት እንዳላቸው ደግሞ አንዲም አያውቅም፣ ሲድም አያውቅም ነበር። በሲድ ቤት የሚታየው አዋቂ ቴሌቪዥን ፊት ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ነው። ልጁን አጠገቡ ቁጭ አድርጎ «ይህን እንዴት ሠራኸው?» ያለው ሰው የለም።

ሲድ ጨካኝ አልነበረም እያልኩ አይደለም። እህቱን ያስለቅሳል። እህት ያለው ሰው ያንን ማለፍ የለበትም፤ ልጄም የሰዓቱን ነገር የግድ ማወቅ ነበረበት፣ አሳውቄዋለሁም። የምለው የአንድ ልጅ ጥፋት ስለዚያ ቀን ብቻ ይነግረናል ነው።

ሰዎች ሲድ ቆሻሻ አንሺ መሆኑን እንደ ቅጣት የሚያዩት ፊልሙም ትንሽ ስለረዳቸው ይመስለኛል። በዚያው በሦስተኛው ፊልም ሌላ ክፉ አለ፤ ሎትሶ የሚባል፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት ድብ። እሱም የከፋው ባለቤቱ ረስታው ሄዳ፣ ስንት መንገድ በእግሩ ተጉዞ ሲመለስ በቦታው ሌላ ድብ ተተክቶ ስላገኘ ነው። መጨረሻው የቆሻሻ መኪና ፊት ላይ መታሰር ነው። አንዱን ክፉ ከቆሻሻ መኪናው ኋላ፣ ሌላውን ከፊቱ አስቀመጧቸው። ተመልካቹ ሁለቱንም አይቶ ፍትሕ ተፈጸመ ይላል። በእውነተኛው ዓለም ግን አዲስ አበባ ረጲ፣ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲሞት ከሟቾቹ መካከል ከክምሩ ለቅመው የሚያድሩ ነበሩበት። እነዚያ ሰዎች የማንንም አሻንጉሊት አላቃጠሉም። ሌላው የጣለውን ማንሣት ወንጀል የሠራ ሰው የሚከፍለው ዕዳ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በየማለዳው ደጁ ጠርቶ የሚቆየው ለምን እንደሆነ ይጠይቅ።

አሁን የእኔን ሲድ ልንገራችሁ። እኔ የማውቀው ሲድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣል። ቡናውን ቆሞ ይጠጣል። ስለዚያ ቀን ለማንም አልተናገረም፤ ለማን ይናገራል? ልጅ ሳለ ሞክሮ ነበር፤ «አሻንጉሊቱ አናገረኝ» ሲል አዋቂዎቹ ተያይተው አንድ ወረቀት ላይ «ድምፅ ይሰማኛል ይላል» ብለው ጻፉ። ወረቀቱ ማህደር ውስጥ ገባ። ማህደሩ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ተከተለው። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ነገር ግን በዚያ ፊልም ዓለም ውስጥ አሻንጉሊት ነፍስ እንዳለው በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ሲድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ እጅ ሲነካው ምን ያደርጋል? እኔ አባቴን ስላየሁ መልሱን አውቀዋለሁ። ከረጢቱን ቀስ ብሎ ይከፍተዋል። ማዳመጫውን ከጆሮው ያወርዳል። ሹፌሩ ጥሩንባ ቢነፋም አንድ ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ አሻንጉሊቱን በሰደርያው ውስጥ ያስገባና ጉዞውን ይቀጥላል። ቤቱ ውስጥ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ጉጠትና ሽቦ አለ፤ እጁ ያለውን ችሎታ አልረሳም። ጠግኖ ለእህቱ ልጅ ይሰጣታል። ሲሰጣት ምን እንደሚላት እንጃ። ምናልባት «ጥሩ አድርገሽ ያዣት፤ ታይሻለች» ይላት ይሆናል።

በአባቴ መኪና ፊትም አንድ ድብ ታስሮ ነበር። አንድ ጆሮ አልነበረውም። የመኪናው ሠራተኞች ሁሉም ያውቁታል፤ ዝናብ ሲዘንብ ፌስታል ያለብሱት ነበር። ሎትሶን ፊልሙ ውስጥ ሳየው ለቅጣት ያሰሩት አልመሰለኝም።

ረሃቪያን ካነሣሁ አይቀር አንድ ታሪክ አለ፤ ከታች የምትኖረው ሞሮኳዊት ጎረቤታችን ናት መጀመሪያ የነገረችኝ፣ ልጅነቷ ሙስራራ በሚባለው የኢየሩሳሌም ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 መጀመሪያ ላይ በሙስራራ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች፣ ብዙዎቹ ከትምህርት የወጡ፣ አንዳንዶቹ የፖሊስ መዝገብ ያለባቸው፣ ራሳቸውን ጥቁር ፓንተሮች ብለው ለቤትና ለሥራ ሰልፍ ወጡ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጎልዳ ሜየር ካገኟቸው በኋላ ስለ እነሱ የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ በዚህ አገር ይጠቀሳል፤ ጥሩ ልጆች አይደሉም አሉ። በቀጣዩ ዓመት በመጋቢት ወር እነዚያው ልጆች ንጋት ላይ ከረሃቪያ ደጃፎች የወተት ጠርሙሶች አንሥተው በድሃ ሰፈሮች በር በር ላይ አስቀመጡ። የእንቁላሉን ተረት የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ገመዱን ይጠብቃል። ከመካከላቸው አንዱ ቻርሊ ቢቶን እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 የእስራኤል ፓርላማ፣ የክኔሴት አባል ሆኖ ተቀመጠ። ሰዓድያ ማርቺያኖም ክኔሴት ገባ። እኛ የምንኖርበትን ቃታሞኒምን ጨምሮ በኢየሩሳሌም ድሃ ሰፈሮች ወጣቱ በቲያትርና በሰፈር ማኅበር የተደራጀበት የድንኳኖች እንቅስቃሴም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ተነሣ። ጎረቤታችን ይህን ስትነግረኝ የምታስታውሰው ክኔሴቱን አይደለም። «ጠርሙሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ እናቴ ማን እንዳመጣው አልጠየቀችም» ነው የምትለው።

ቢሮዬ የነቢያት መንገድ አጠገብ ነው። ከትምህርት ቤቱ ስብሰባ ማግስት በምሳ ሰዓት ወጥቼ በኢትዮጵያ መንገድ ሄድኩ፤ ልቤ ሲከፋው የማደርገው ነው። ግራና ቀኝ ረጅም የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ክብ ጉልላት። ሃይማኖቴ ሌላ ቢሆንም በሩ ላይ የተቀመጡት አባት «እንደምን ዋልሽ ልጄ» ሲሉኝ የአያቴን ድምፅ እሰማለሁ። ከዚያ ቁልቁል ሙስራራ ቅርብ ነው። አንዱ ጠባብ መንገድ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለው፤ የመንገዱ ስም «ጥሩ አይደሉም» የሚለው ያው የጎልዳ ቃል ነው። ከተማዋ ስድቡን ወስዳ የመንገድ ስም አደረገችው። ከሰሌዳው ሥር ቆሜ ስለ ወንድሜ አሰብኩ።

ታናሽ ወንድሜ፣ የክንፋሙ ፈረስ ባለቤት፣ አሁን ከሠላሳ አልፏል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ አውቶቡስ ሲጠብቅ አንድ ፖሊስ መታወቂያ ጠየቀው፤ ለምን እኔን ብቻ ብሎ ተከራከረ፤ ፖሊስን ተሳድበሃል ተብሎ መዝገብ ተከፈተበት። ወታደር ቤት የፈለገው የቴክኒክ ኮርስ በዚያ ምክንያት ተከለከለ። ሥራ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ መዝገቡ ቀድሞት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተሯ በኤሚ ፓልሞር የሚመራው ኮሚቴ በኢትዮጵያውያን ላይ ስላለው ዘረኝነት ሪፖርት አቀረበ፤ በ2018 ፕሬዚዳንት ሩቬን ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትሯ አየለት ሻኬድ በልጅነታቸው እንዲህ ያለ መዝገብ የተከፈተባቸው የማኅበረሰባችን ወጣቶች እንዲሰረዝላቸው ማመልከት እንደሚችሉ አስታወቁ። ወንድሜ አመለከተ። ደብዳቤው ሲደርስ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አንድ ሌላ ሰው በጻፈለት ዕድሜ ውስጥ ኖረ። አሁን የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ሰው በአሳንሰር ተዘግቶበት ሲጨነቅ በሌሊት የሚጠራው እሱ ነው። ዝነኛ አልሆነም፣ እስር ቤትም አልገባም። እንዲህ ያለ ዕድሜ በፊልምም በተረትም አይነገርም፤ አብዛኞቻችን የምንኖረው ግን እሱን ነው።

ከዚያ ከወፍራም ማህደር የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ልጁ ያደረገውን ጻፉ፤ ሰዓት ፈታ፣ ብሎኖቹን ደረደረ፣ መልሶ መግጠም አልደረሰለትም። ቀኑንም ጻፉ። እዚያ ላይ ነጥብ አድርጉ። «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል አትጻፉ፤ «ዝንባሌው» የሚለውንም። ወላጆችም እንዲሁ። እኔ ራሴ ስናደድ «አንተ ልጅ መጨረሻህ!» ብዬው አውቃለሁ፤ ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ያየሁበት የልጄ ፊት እስካሁን አይለቀኝም። ሁለተኛውን ስብሰባ ሰኞ ላይ አድርገናል፤ መምህሯን ሰዓቱን እንድትሰጠኝ ለመንኳት፤ ፌስታል ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ፣ ብሎኖቹን ለብቻ በወረቀት ጠቅልላ። ያን ወረቀት ስትጠቀልል እጇ ጥንቃቄ ነበረው፤ ይህንንም ማህደር ቢኖረኝ እጽፍላት ነበር።

ዓርብ ጠዋት አባቴ መጣ። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ጉልበቱ ደረጃ አይወድም። ልጄ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጄ የሲድን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከለት፤ አባቴ እየሰማ በጣቱ ክቦቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ ያደርጋል።

«አባባ፣ አንተ ልጅ ሆነህ ስታድግ ምን ትሆናለህ ይሉህ ነበር?»

«ጅብ» አለው አባቴ።

ልጄ ቀልድ መስሎት ሣቀ። ከዚያ የአያቱን ፊት አይቶ ሣቁን አቆመ። «ታዲያ ለምን አልሆንክም?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ሥራ ነበረብኛ፣ የኔ ጌታ» አለው። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ትንሿን ካቻቢቴ እንዲያቀብለው እጁን ዘረጋ።